ከፍታው የማን ነው?

ስለ ችግኝ ስናወራ አማርኛ ሁለት ግሦች ይሰጠናል፤ ተተከለ እና ጸደቀ። መትከል የሰው ሥራ ነው፤ መጽደቁን ግን አፈሩና ውሃው ይወስኑታል። በፊሊፒንስ ደሴቶች ላለፉት አርባ ዓመታት የተካሄደው የማንግሮቭ ተከላ በሁለቱ ግሦች መካከል ያለው ክፍተት ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል ያሳየ ታሪክ ነው። ማንግሮቭ ጨው የሚችል፣ ባሕርና የብስ በሚገናኙበት ጭቃ ላይ የሚበቅል የዛፍ ወገን ነው፤ በሥሮቹ መካከል ዓሣና ሸርጣን ያድጋሉ፣ ማዕበል ጉልበቱን ይጥላል፣ ደለል ይጠራቀማል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1984 እስከ 1992 በዓለም ባንክ ድጋፍ በማዕከላዊ ቪሳያስ በተካሄደ ፕሮጀክት፣ በ492 ሄክታር ላይ ከ2.9 ሚሊዮን በላይ ማንግሮቭ ተተከለ፤ በኋላ ሲቆጠር በሕይወት የተገኘው 18 በመቶ ገደማ ነበር። በ1990ዎቹ የእስያ ልማት ባንክ የደገፈው የዓሣ ሀብት ፕሮግራም ተከላውን ቀጠለበት። የባሕር ተመራማሪዋ ጁርጀን ፕሪማቬራ ከባልደረባቸው ጋር በ2008 ባወጡት ግምገማ፣ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ፈስሶበት ለረጅም ጊዜ የቆየው ዛፍ በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳዩ።

ለዚህ ኪሳራ የሚሰጠው ምክንያት አጭር ነው፤ ችግኙ ከሚገባው ከፍታ በታች ተተከለ። ይህ እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ እጆች ለምን ያን ያህል ዓመት ያንኑ ስህተት ደጋገሙ? ብዙዎች ባለማወቅ ነው ይላሉ። እኔ ግን ዋናው መልስ የሚገኘው ከባሕሩ ይልቅ በመሬት ይዞታ መዝገብ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ለማንግሮቭ የሚስማማው ከፍታ ችግኙ ከመድረሱ አስቀድሞ በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ነበር። ተካዮቹ ወደ ታች የወረዱት ላይኛው ስለተያዘ ነው።

ነገሩን ለመረዳት መጀመሪያ ባሕር እንዴት እንደሚሞላና እንደሚጎድል ማሰብ ያስፈልጋል። በአብዛኛው የሞቃት አገር ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሙላቱ በየቀኑ እኩል አይደለም፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ውሃው ከሌላው ቀን ይበልጥ ከፍ ይላል፣ ይበልጥም ይሸሻል፤ በመካከሉ ባሉት ቀናት ሙላቱም ጉድለቱም ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ዳርቻ ላይ ያለ እያንዳንዱ የጭቃ ንጣፍ የራሱ የውሃ መርሐ ግብር አለው። ዝቅ ያለው በቀን ሁለት ጊዜ ይሰጥማል፤ ከዚያ ከፍ ያለው የጨረቃን ቀን ይጠብቃል፤ ከሁሉ በላይ ያለው በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ይረጥባል። ሙላትና ጉድለቱ ሁለት ሜትር በሚለያይበት ዳርቻ፣ ማንግሮቭ በተፈጥሮው የሚኖረው በላይኛው ግማሽ፣ ከባሕሩ አማካይ ከፍታ እስከ ከፍተኛው ሙላት ባለው አንድ ሜትር ገደማ ላይ ነው። አንድ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ጭቃማ ዳርቻ ዝንባሌው እጅግ ለጥ ያለ ስለሆነ፣ በሺህ ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ብቻ ከፍ በሚል ሜዳ ላይ የአሥር ሴንቲ ሜትር ልዩነት የመቶ ሜትር እርምጃ ይሆናል። በዓይን አንድ የሚመስለው ሜዳ ለችግኙ ብዙ የተለያየ አገር ነው።

ይህን በቁጥር ያስቀመጠው በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ማላያ ያገለገለው የደን ሹም ዋትሰን ነው። በ1928 ባሳተመው ስለ ማላያ ልሳነ ምድር የማንግሮቭ ደኖች በሚያወሳ መጽሐፉ፣ ዛሬ ክላንግ ወደብ በሚባለው ሥፍራ የውሃውን ከፍታ እየተከተለ መሬቱን ባሕር በወር ስንት ጊዜ እንደሚጎበኘው በመቁጠር በአምስት ደረጃ ከፈለው። ሙላት ሁሉ የሚደርስበት ዝቅተኛው ጭቃ በወር ከ56 እስከ 62 ጊዜ ይሰጥማል፤ በዚያ ላይ ከሞላ ጎደል ዛፍ የለም። ከዚያ በላይ ያለው ከ45 እስከ 59 ጊዜ፣ ቀጣዩ ከ20 እስከ 45 ጊዜ፣ አራተኛው ከ2 እስከ 20 ጊዜ፣ የመጨረሻው ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ። ለባሕሩ ፊት ለፊት በሆነው በሁለተኛው ደረጃ አቪሴኒያና ሶኔራሺያ የተባሉት ዛፎች ይቆማሉ፤ አብዛኛው የማንግሮቭ ዝርያ፣ ራይዞፎራን ጨምሮ፣ የሚበዛው በሦስተኛው ደረጃ ነው፤ ሌሎቹ እንደ አቅማቸው ወደ ላይ ይደረደራሉ። ዋትሰን የዛፍን ስም ከውሃ ጉብኝት ቁጥር ጋር ማሰሩ ትልቅ ነገር ነበር። ሠንጠረዡ የክላንግ ነው፤ ሙላት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ በሆነበት ወይም ወንዝ በሚገባበት ዳርቻ ቁጥሩ እንዳለ አይሠራም። በቬትናም ካን ጂዮ በ2007 የታተመ ጥናት ከጉብኝቱ ብዛት ይልቅ ውሃው የሚቆይበትን ጊዜ መለካት እንደሚሻል ያሳየው ለዚህ ነው። ቢሆንም ዋና ሐሳቡ ጸንቶ ቆይቷል።

ውሃ ሲበዛ ችግኙን የሚገድለው በብዙ መንገድ ነው። የማንግሮቭ ሥር እንደ ማንኛውም ሥር አየር ይፈልጋል፤ ጭቃው ግን አየር የለውም። ስለዚህ አቪሴኒያ ከጭቃው ወደ ላይ እንደ እርሳስ ቀጥ ብለው የሚወጡ መተንፈሻ ሥሮችን ያበቅላል፤ ራይዞፎራ ደግሞ ከግንዱ ቅስት ሠርተው የሚወርዱ ሥሮች አሉት። ሁለቱም ባሕሩ ሲጎድል አየር ይስባሉ። ጉድለቱ አጭር ከሆነ እስትንፋሱ አይበቃም። ገና ቅጠል ያላወጣ ችግኝ ደግሞ ይህ መሣሪያ እንኳ የለውም። ረጅም ሰዓት ውሃ ውስጥ የሚቆይ ግንድ ላይ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ቅርፊት ያላቸው ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ይጣበቁበታል፤ ክብደታቸው ችግኙን ያጎብጠዋል። የባሕር አረም ይጠመጠምበታል፣ ማዕበል ይነቅለዋል። ከእነዚህ መካከል አንዱን ቢችል ሌላው ያገኘዋል። በተፈጥሮ ደን ያለ ማንግሮቭ ከጠቅላላው ጊዜ በውሃ ውስጥ የሚያሳልፈው ሲሶው ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰው ብቻ መሆኑን አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮቢን ልዊስ ደጋግሞ ያስገነዝብ ነበር። ቀሪውን ጊዜ ይተነፍሳል።

ይህን እውቀት ይዘው የተከሉ ሰዎች ነበሩ፤ ተሳክቶላቸዋልም። በማሌዢያ ፔራክ ግዛት ያለው የማታንግ ደን ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ጀምሮ በዕቅድ የሚተዳደር፣ ወደ 40,000 ሄክታር የሚሰፋ የማንግሮቭ ደን ነው። እዚያ ራይዞፎራ በሠላሳ ዓመት ዑደት ይቆረጣል፣ ከሰል ይከሰላል፣ በቆረጡበት ቦታ እንደገና ይተከላል። ካን ጂዮም አለ። ከሆ ቺ ሚን ከተማ ደቡብ ምሥራቅ ያለው ይህ ደን በ1960ዎቹ የአሜሪካ ጦር ከአውሮፕላን በረጨው ቅጠል አርጋፊ መርዝ አብዛኛው ወደመ። ከ1978 ጀምሮ ሕዝቡ ከካ ማው አውራጃ በጀልባ በመጣ የራይዞፎራ ዘር ተከለው፤ ወደ 20,000 ሄክታር ደን ቆመ፤ በ2000 ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዘገበው። በፊሊፒንስ በብዛት የተተከለውም የራይዞፎራ ወገን ነበር። ዘሩ በእናቱ ላይ እንዳለ በቅሎ እንደ ረጅም እርሳስ ሆኖ ስለሚወድቅ፣ ጭቃ ላይ ሰክቶ መሄድ ብቻ ይበቃል። ዘሩና አተካከሉ ከዚህን ያህል ከተመሳሰለ ውጤቱ ለምን ተለያየ? መርዙ የካን ጂዮን ዛፍ ገደለ፤ መሬቱን ግን ከከፍታው አላወረደውም፣ ለዓሣ ኩሬ ባለቤትም አላከራየውም። ችግኙ የተመለሰው እናቱ ቆማ ወደነበረችበት ሥፍራ ነው። ማታንግም እንዲሁ፤ ደን ሆኖ የተከለለ መሬት ደን ሆኖ ቀረ።

በፊሊፒንስ የሆነው ሌላ ነው። በ1918 የደን ባለሙያዎች የአገሪቱን ማንግሮቭ ከ400,000 እስከ 500,000 ሄክታር ገምተውት ነበር፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ የቀረው 120,000 ያህል ነው። የማገዶ ቆራጭና የከሰል ነጋዴ ድርሻ ነበራቸው፤ ትልቁን ድርሻ የወሰደው ግን የዓሣ ኩሬ ነው። በ1951 እና በ1988 መካከል ከጠፋው 279,000 ሄክታር ገደማ ግማሹ ኩሬ ሆነ። ባንጉስ የሚባለውን ነጭ ዓሣ በክትር ውስጥ ማሳደግ በማኒላ ወሽመጥ ዙሪያ የቆየ ሙያ ነው። ሙያው የሚፈልገውን መሬት ልብ እንበል። ባለ ኩሬው ሞተር ሳይጠቀም ውሃውን በእንጨት በር ለማስገባት ኩሬው ትልቁ ሙላት የሚደርስበት መሆን አለበት፤ በጉድለት ጊዜ ውሃውን አፍስሶ ዓሣውን ለመልቀምና የኩሬውን ወለል ለፀሐይ ለማስጣት ደግሞ ወለሉ ከዝቅተኛው ውሃ በላይ መሆን አለበት። በጣም ከፍ ቢል አይሞላም፣ በጣም ዝቅ ቢል አይደርቅም። በቀን የተወሰነ ሰዓት የሚሰጥም፣ የተወሰነ ሰዓት የሚተነፍስ መሬት ማለት ነው፤ ይህ የማንግሮቭ መሬት ነው። ዛፉና ኩሬው የሚፎካከሩት ለአንድ ሜትር ከፍታ ነው፤ ክርክሩ የቀረው በሴንቲ ሜትር ነው። የሩዝ እርሻ ወይም የከተማ መስፋፋት የማንግሮቭን ዳርቻ ቢነካ ብዙ ጊዜ ጠርዙን ነው፤ ኩሬ ግን የሚፈልገው እምብርቱን ነው።

የመንግሥት ፖሊሲም ሚዛኑን ወደ አንድ ወገን አደላው። ረግረጉ ለረጅም ዘመን የሚቆጠረው ጥቅም የሌለው ምድር ተብሎ ነው። ኩሬ ቆፋሪ የመንግሥትን የማንግሮቭ መሬት በሃያ አምስት ዓመት ሊዝ፣ ከሚያስገኘው ገቢ ጋር ሲመዘን እጅግ ባነሰ ኪራይ ያገኝ ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለኩሬ ግንባታ የውጭ ብድር መጣ። በ1980ዎቹ ሽሪምፕ በጃፓን ገበያ ዋጋ ሲያገኝ፣ በስኳር ዋጋ መውደቅ የተጎዱ የኔግሮስ ደሴት ባለርስቶች ሳይቀሩ ወደ ኩሬ ዞሩ። በአሥርቱ መጨረሻ የሽሪምፕ ዋጋ ወደቀ፤ በ1990ዎቹ በሽታ ኩሬዎቹን መታ። ብዙው ኩሬ ክትሩ ፈርሶ፣ በሩ በስብሶ ተተወ። መሬቱ ግን አልተመለሰም። ሊዙ አላለቀም፣ ወይም ባለይዞታው ቀን ይመጣል ብሎ ይጠብቃል፣ ወይም መሬቱ ቀስ በቀስ የግል ካርታ ወጥቶለታል። ከባሕሩ ያለው ርቀትና ከፍታው ለማንግሮቭ ተስማሚ የሆነ፣ ባዶ የተቀመጠ፣ ግን የማይነካ ምድር ማለት ነው።

እንግዲህ ተከላው የተጀመረው በዚህ ካርታ ላይ ነው። ፕሮጀክቱ ሄክታር ይፈልጋል፤ ሄክታሩ የሚቆጠረው በተወሰነ ዓመት ነው፤ የሚከፈለው በተተከለ ችግኝ ልክ ነው። ከክትሩ በስተ ኋላ ያለውን መሬት ለማግኘት ባለይዞታ መክሰስ፣ ሊዝ ማቋረጥ፣ ዓመታት መጠበቅ ያስፈልጋል። ከክትሩ በስተፊት ግን፣ ወደ ባሕሩ፣ ባሕሩ ሲጎድል የሚገለጥ ሰፊ ጭቃና የባሕር ሣር ሜዳ አለ፤ የማንም አይደለም፣ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ከሳሽ የለውም። ባለቤት የሌለው መሬት ባለቤት ያልያዘው ስለማይረባው መሆኑን ማን ያስታውሳል? በጎ ፈቃደኛው በጉድለት ሰዓት ይመጣል፤ ያየው ሁሉ ደረቅ ነው፤ ሰክቶ ይሄዳል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ውሃው ተመልሶ ሲሸፍነው በዚያ ማንም የለም። ከዚህ የከፋው ነገር፣ ያ ሜዳ ባዶ አለመሆኑ ነው። የባሕር ሣሩ የዓሣና የኤሊ መሰማሪያ ነው፤ ጭቃው ከሩቅ አገር የሚሰደዱ ወፎች የሚመገቡበት፣ የመንደሩ ሴቶች ዛጎልና ሸርጣን የሚለቅሙበት ነው። የሞተው ችግኝ ብቻ አይደለም የጠፋው።

አለማወቅ ነው የሚለውን ማብራሪያ አሁን በጥንቃቄ መመልከት ይቻላል። እውነት አለው። ብዙው ተካይ ተማሪ፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ የመንደር ማኅበር አባል ነበር፤ ዋትሰንን አላነበበም። በስሪ ላንካም ከ2004ቱ የባሕር ሱናሚ በኋላ በችኮላ የተተከለው ማንግሮቭ ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል፤ በ2017 የወጣ ጥናት ከመረመራቸው 23 ሥፍራዎች በዘጠኙ አንድም ችግኝ አላገኘም፤ ከ1,000 እስከ 1,200 ሄክታር ተሞክሮ ውጤት የታየው በ200 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። በዚያ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ልዩነት ከአንድ ሜትር በታች ስለሆነ፣ ለዛፉ የሚስማማው የከፍታ መቀነት እጅግ ቀጭን ነው፤ ሥፍራ መሳት ቀላል ነው። ይህን አልክድም። ነገር ግን አለማወቅ ራሱ ምክንያት ይፈልጋል። እውቀቱ ከ1928 ጀምሮ ታትሟል፤ በጎረቤት አገር ደን አስተዳደር ሥራ ላይ ውሏል፤ አቪሴኒያና ሶኔራሺያ ፊት ለፊት፣ ራይዞፎራ ከኋላና በጅረት ዳር እንደሚቆሙ በየመንደሩ ያለ ዓሣ አስጋሪ በዓይኑ ያየዋል። እኛ አገር ገደል የሚያርስ ገበሬ አፈሩ እንደሚሸረሸርበት ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ሜዳው ስላልደረሰው ነው። ለገደል አራሹ ስለ አፈር ጥበቃ ማስተማር መልካም ነው፤ የማሳውን ዝንባሌ ግን አይቀይርለትም። የፊሊፒንስ ተካዮችም መሬቱን መምረጥ ቢችሉ ኖሮ የመምረጫውን እውቀት የሚሹበት ምክንያት ይኖራቸው ነበር። ለአንድ ሥፍራ ብቻ የተተወ ሰው ስለ ሌሎቹ ሥፍራዎች ባሕርይ ለምን ይጠይቃል?

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ በጭቃው ላይ የተሳካ ተከላ አለ የሚል ነው። በቦሆል አውራጃ የባናኮን ደሴት ነዋሪዎች ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተከሉት ራይዞፎራ ዛሬ ሰፊ ደን ነው። በዚያው ቦሆል በካላፔ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ መንገድ ለመጠበቅ የተማሪዎች እጅ የተከለው ማንግሮቭም ቆሟል። እነዚህን እንደ ልዩ ዕድል ማለፍ ተገቢ አይደለም። ባናኮን የኮራል ሪፍ ከማዕበል የሚከልለው ሥፍራ ነው፤ ሙከራውም የአንድ ፕሮጀክት ዘመን ሥራ አይደለም። ቤተሰቦች ለአጥርና ለማገዶ እንጨት ብለው ጥቂት በጥቂት ተከሉ፤ የሞተውን ተኩ፤ የሚይዘውንና የማይዘውን መሬት በአሥርተ ዓመታት ለዩ። ከሁሉ በላይ የተከሉት ዛፍ የራሳቸው እንደሚሆን ያምኑ ነበር። በፊሊፒንስ መንደሮች የማንግሮቭ ተካዮችን ያጠኑ ምሁራን፣ ችግኝ መትከል ራሱ በመሬት ላይ መብት ማስከበሪያ ሆኖ እንደሚያገለግል አሳይተዋል። ስለዚህ ባናኮን መከራከሪያዬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ይዞታው የተካዩ ሲሆን ተካዩ ከፍታን ለመማር ጊዜ ያገኛል።

ለኛ አንባቢ ቅርብ የሆነ ሌላ ምስክርም አለ። በቀይ ባሕር ዳር፣ ከምጽዋ በስተደቡብ ባለችው ሕርጊጎ፣ ጃፓናዊ አሜሪካዊው ሳይንቲስት ጎርደን ሳቶ ከኤርትራውያን ጋር በ1990ዎቹ ማንግሮቭ ማስተከል ጀመረ። ሥራውን ማንዛናር ብሎ የሰየመው በልጅነቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር በታሰረበት የካሊፎርኒያ ካምፕ ስም ነው። ሳቶ በዚያ ዳርቻ ማንግሮቭ የሚበቅለው ጎርፍ በሚወርድባቸው ሥፍራዎች ብቻ መሆኑን አይቶ፣ ዛፉን የሚያበቅለው ጎርፉ የሚያመጣው ጣፋጭ ውሃ ሳይሆን አብረውት የሚመጡት ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ናቸው ብሎ ደመደመ፤ ማዳበሪያ በቀዳዳ ከረጢት ከችግኙ ሥር ቀበረ፣ ቁርጥራጭ ብረትም አኖረ፤ ከዚህ በፊት ዛፍ ባልነበረበት ዳርቻ አቪሴኒያ አበቀለ። እንግዲህ ወሳኙ ምግብ እንጂ ከፍታ አይደለም ሊባል ይችላል። ነገር ግን የሳቶ ችግኞች የቆሙት ባሕሩ በሚሞላበትና በሚጎድልበት መቀነት ውስጥ ነው፤ ማዳበሪያው ያንን አልተካውም። ከፍታ ብቻውን አይበቃም፤ ያለ ከፍታ ግን ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ደግሞም በሕርጊጎ ዳርቻ መሬቱን የያዘ የዓሣ ኩሬ አልነበረም፤ ሥፍራውን የመምረጥ ነጻነት ነበር።

ኩሬ ይመለስ ሲባል የሚነሳው ትልቁ ተቃውሞ የሰው እንጀራ ነው። ባንጉስ የፊሊፒንስ ተራ ቤተሰብ የሚበላው ዓሣ ነው፤ ኩሬው የሚቀጥረው ሰው አለ። የሚያመርት ኩሬ ይፈርስ ማለት ጭካኔ ይሆናል፤ እኔም አልልም። ጥያቄው የተተወው ኩሬ ነው። የ1998ቱ የፊሊፒንስ ዓሣ ሀብት ሕግ የተተወ፣ ያልለማ ወይም በበቂ ያልተሠራበት ኩሬ ወደ ማንግሮቭነት እንዲመለስ በግልጽ ደንግጓል። ሕጉ ከወጣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል፤ የተመለሰው ግን ከተተወው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። የኩሬው ሊዝ በግብርና ሚኒስቴር ሥር ባለው የዓሣ ሀብት ቢሮ እጅ ነው፤ ማንግሮቩ በአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር እጅ ነው። አንዱ ኩሬው መተዉን ካላወጀ ሌላው ሊረከበው አይችልም። ክትሩ ላይ ለወግ አንድ ሰው ከታየ ኩሬው እንደሚሠራ ይቆጠራል። ባለይዞታው ብዙ ጊዜ በአካባቢው ተሰሚነት ያለው ሰው ነው። ይህን ሁሉ ከመግፋት በባሕሩ ፊት ሌላ ሄክታር መትከል ይቀላል። ሕጉ እያለ ተከላው በጭቃው ላይ መቀጠሉ ለእኔ ከማናቸውም የባሕር ልኬት በላይ አስረጂ ነው።

መሬቱ ቢመለስ እንኳ ሥራው አያልቅም፤ ይህም እውነተኛ ተቃውሞ ነው። ለዓመታት የደረቀ የኩሬ ወለል ይሰምጣል፤ ጭቃው አየር ሲያገኝ አሲድ ያመነጫል፤ ክትሩ ደለል እንዳይገባ ስለሚከለክል ወለሉ ከውጭው ሜዳ ያነሰ ሊሆን ይችላል። በኢንዶኔዢያ ጃቫ፣ በዴማክ ዳርቻ፣ ማንግሮቩ ለኩሬ ከተመነጠረ በኋላ ባሕሩ መንደር እስኪውጥ ገብቷል። ከ2015 ጀምሮ ውሃ አሳላፊ የጭራሮ አጥር እያቆሙ ደለል በመያዝ መሬቱን መልሶ ለማሳደግ ተሞክሯል፤ የከርሰ ምድር ውሃ ስለሚሳብ ምድሩ ራሱ እየሰመጠ መሄዱ ግን ሥራውን ይበላዋል። በሌላ በኩል በደቡብ ሱላዌሲ ታናኬኬ ደሴት በተተዉ ኩሬዎች ክትሩ በተመረጡ ቦታዎች ተቆርጦ፣ የጥንቱ የውሃ መሄጃ ተከፍቶ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሄክታር ማገገም ጀምሯል። በፍሎሪዳ ዌስት ሌክ ፓርክም ልዊስና ባልደረቦቹ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአንድ ወቅት የተደፋውን አፈር እየቆፈሩ ወደ ልኩ ከፍታ አወረዱት፣ የውሃውን መንገድ ከፈቱ፤ በ500 ሄክታር ገደማ ላይ ዛፉ በውሃው በመጣ ዘር ራሱ መጣ፤ ችግኝ አልተተከለም። ያ መሬት የሕዝብ ፓርክ ነበር። ከባለይዞታ ጋር ሙግት ሳይኖር መቆፈሪያውን ማስገባት ተቻለ።

ባሕሩም በቦታው አይቆይም። አማካይ ከፍታው እየጨመረ ነው፤ በየዓመቱ ከ6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር በላይ ከጨመረ የማንግሮቭ ሥርና ደለል ተባብረው መሬቱን በዚያ ፍጥነት ማሳደግ እንደማይችሉ ያለፉትን አሥር ሺህ ዓመታት ደለል ያነበቡ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ያን ጊዜ ዛፉ ያለው አማራጭ ወደ የብስ ማፈግፈግ ነው። የሚያፈገፍግበት መሬት ደግሞ ያው ክትሩ ያለበት ነው። ዛሬ ዝቅ ብሎ የተተከለው ችግኝ ከዓመታት በኋላ ይበልጥ ዝቅ ይላል፤ የተተወው ኩሬ ግን ከባሕሩ ፊት ይልቅ ወደ የብሱ የቀረበ፣ ሙላቱ ሲጨምር የሚጠብቀው መሬት ነው።

በኢሎይሎ አውራጃ ሌጋኔስ በሚባለው ማዘጋጃ ቤት ግዛት፣ ወደ አሥር ሄክታር የሚጠጋ አንድ የተተወ የመንግሥት ሊዝ ኩሬ ለማኅበረሰቡ ተለቋል። ከሁለት ሺዎቹ የመጀመሪያ አሥርት መጨረሻ ጀምሮ የአካባቢው ሰዎች ከፕሪማቬራና ከተባባሪዎቻቸው ጋር ሠርተውበታል። የተከሉት በአብዛኛው አቪሴኒያ ነው፤ ይኸውም ባሕሩ ራሱ ለዚያ ከፍታ የሚመርጠው ዛፍ ነው። በፈረሰው ክትር በኩል ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይገባል፤ የጎረቤት ዛፎችን ዘርም ይዞ ይመጣል። ዛሬ ሥፍራው ጎብኚ በእንጨት ድልድይ የሚሄድበት የካቱንጋን ፓርክ ነው፤ በአካባቢው ቋንቋ ካቱንጋን ማለት የማንግሮቭ ደን ነው። ከባሕሩ ሲታይ የጥንቱ ክትር መስመር በዛፎቹ መካከል ገና ይለያል።